በጭብጨባ የተራዘመው ሊቀመንበር

አለምሰገድ አሜሪካ ሲገባ ከእንግዲህ ስብሰባ ላይ አልቀመጥም ብሎ ምሎ ነበር። ምክንያት ነበረው። በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ከተማ ውስጥ የኢሠፓ ካድሬ ነበር፤ ወጣትነቱን የጨረሰውም ወንበር ላይ ነው። የውይይት ክበብ አለ፣ ሂስና ግለሂስ አለ፣ የአቋም መግለጫ አለ፤ የአቋም መግለጫው እንዴት እንደተነበበ የሚገመገምበት ሌላ ስብሰባም አለ። ደርግ ሲወድቅ በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ገባ፣ ካምፕ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ቆየ፣ ከዚያ ዴንቨር መጥቶ ታክሲ ያዘ። ታክሲን የወደደው ስብሰባ ስለሌለበት ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው የፈለገውን ቢያወራ ኤርፖርት ሲደርስ ይወርዳል። የአቋም መግለጫ አያወጣም።

ያለፈውን የሚደብቅ ሰውም አልነበረም። ከዴንቨር ጋር የተያያዘችው ኦሮራ ያለ አበሻ ሁሉ ካድሬነቱን ያውቃል። ታክሲ ተራ ላይ ስሙ "ጓድ" ነው። "ጓድ፣ ተራህ ደርሷል፤ ወደፊት!" ሲሉት እየሳቀ መኪናውን ያስጠጋል።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሲመጣ ግን ኦሮራ አበደች። ሃቫና ስትሪት ላይ ያሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በሙሉ ፓርላማ ሆኑ። ሰው ምግብ አዝዞ፣ ምግቡ ሳይመጣ ተጣልቶ ይወጣል። ለሁለት ለሦስት ወር ያህል ሁሉም ሰው አገር ቤት መንግሥት በድምፅ ይቀየራል ብሎ አመነ፤ አለምሰገድ እንኳ ሬዲዮውን ከፍ ማድረግ ጀመረ።

ከሁሉ የባሰችው ግን ሚስቱ ዘርፈሽዋል ነበረች። ዘርፈሽዋል ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌ የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ የምታበላ ሴት ናት። እስከዚያ ዓመት ድረስ ፓርቲ ሲባል የምታውቀው የልደት ፓርቲ ብቻ ነበር። እንዴት እንደተያዘች እግዜር ይወቅ፤ ብቻ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የተቃዋሚዎቹን ጥምረት ማኒፌስቶ በቃሏ ትወጣዋለች። ያ ሁሉ ደስታ በጥይትና በእስር ሲያልቅ፣ የተቃዋሚ መሪዎቹም ሲታሰሩ፣ ዴንቨር ካፒቶል፣ የግዛቱ ምክር ቤት ፊት ለፊት በበረዶ ላይ ሜጋፎን ይዛ የጮኸችው እሷ ናት። ያን ሰሞን ሦስት ቀን ድምጿ ጠፍቶ አለምሰገድ ቤቱ ውስጥ ሰላም አገኘ።

በዚያው ክረምት የዴሞክራሲ ድጋፍ ማኅበር ተቋቋመ። ለስድስት ወር ብቻ ተብሎ ሊቀመንበር የሆኑት ዶክተር ተክለሚካኤል የሚባሉ፣ ሊትልተን የሚኖሩ የአፈር ሳይንስ ምሁር ነበሩ። ሰውየው የሚከበሩ ናቸው። በደርግ ጊዜ ዓመታት ታስረዋል፤ እንግሊዝኛቸው እንደ መጽሐፍ ነው፤ ሴናተር ቢሮ ደውለው ሰው ስልኩን ሳይዘጋባቸው የሚያወሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዌብሳይቱን ያሠሩት፣ ደብዳቤውን የሚጽፉት፣ ሰልፉን ከከተማው የሚያስፈቅዱት እሳቸው ናቸው። ስድስት ወር ሲሞላ ግን ሊቀመንበር የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ጣፍጧል።

አንድ ቀን ለአለምሰገድ ደወሉና ሃቫና ላይ አንድ የገበያ ፓርኪንግ ውስጥ ተገናኙ። ዶክተር በሩን ከፍተው ከኋላ ተቀመጡ። አለምሰገድ በልማድ ሜትሩን ሊነካው ነበር።

"በግልጽ ልንገርህ፣ አለምሰገድ። ማኅበሩ ሊፈርስ ነው" አሉት።

"ምን ሊያፈርሰው?"

"ምርጫ ነዋ። የሥራ ዘመኔ አልቋል፤ ደንቡ ምረጡ ይላል። አሁን ምርጫ ብናደርግ ሰው ለሁለት ይከፈላል። እኔ የምለው መሪዎቻችን እስኪፈቱ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልቆይም።"

"ታዲያ ይህንኑ ለሰዉ ይንገሩታ።"

"ነገርኩ። ይጨቃጨቃል። ስብሰባ መምራት የሚችል ሰው የለንም።" ዶክተር በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። "እኔን ያሰሩኝ ሰዎች ስብሰባ መምራት ይችሉ ነበር። ይህን ልክድ አልችልም።"

አለምሰገድ ስድብ ይሁን ምስጋና አልለየለትም። ደስ ግን አለው። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ሰው የሚጠይቀው ኤርፖርት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ብቻ ነበር። የሚያውቀውን ሥራ፣ የተማረውን ሙያ፣ አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም።

"ዘርፌን ላማክራት" አለ።

"እሷን ለጊዜው ባናስቸግራት ይሻላል" አሉ ዶክተር።

ነገሩ ገባው። በየስብሰባው እጇን አውጥታ "ምርጫው መቼ ነው?" የምትለው ዘርፈሽዋል ነበረች። ከኋላዋም በየነርሲንግ ሆሙ የሚሠሩ ሴቶች ተሰልፈዋል። አለምሰገድ መሐላውን ረሳና የአስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ።

ሥራውን እንደ ጥንቱ ሠራው። ስብሰባውን ቅዳሜ ከሰዓት አደረገው። በዚያ ሰዓት የነርሲንግ ሆም ሺፍት ይገባል፤ ሚስቱን በመኪና የሚያደርሳት እሱ ስለሆነ አሳምሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ የሕሊና ጸሎት አስያዘ፤ የሞተ ሰው ከታሰበ በኋላ ማንም ለመጨቃጨቅ ድፍረት አያገኝም። ቀጥሎ ረጅም ሪፖርት አስነበበ። ሪፖርቱ እየተነበበ ሳለ ከአዳራሹ ኋላ የምግቡ ክዳን እንዲከፈት አስደረገ። የዶሮው ሽታ ወደ ፊት ሲደርስ ነው "የሥራ ዘመንን ስለማስተካከል" የሚለውን አጀንዳ ያቀረበው። ማራዘም የሚል ቃል አልተነሳም።

"መሪዎቻችን በእስር ላይ ባሉበት በዚህ ወቅት፣ ሊቀመንበራችን ባሉበት ይቀጥሉ የሚለውን የምንደግፍ በጭብጨባ እንግለጽ" አለ።

የራበው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብሎ ምሳ አስጀመረ። ዶክተር መጥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ እዚያው ላይም የማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉት። አፉ ላይ "አመሰግናለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር" የሚለው መጥቶ፣ ጓድ የሚለውን ከእንጀራው ጋር ዋጠው።

ዘርፈሽዋል ማታ ወደ ቤት ስትመለስ ወሬው ቀድሞ ደርሷታል። ቻምበርስ ሮድ ላይ ያለው አፓርትመንታቸው ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጣ የሥራ ጫማዋን እያወለቀች ነው የጠየቀችው።

"ስንት ሰው ተቃወመ?"

"ማንም።"

"እኛስ?"

"እናንተ አልነበራችሁማ።"

"ሥራ ላይ እንደምንሆን ማን ያውቃል?"

"እኔ እንጃ። አጋጣሚ ነው።"

"አለሜ፣ እዚያ ድረስ በመኪናህ ያደረስከኝ አንተ ነህ እኮ።"

አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። በማግስቱ ግን ስልክ አነሳች። የዴንቨርና የኦሮራ ነርሲንግ ሆም ሁሉ የእረፍት ክፍል ውስጥ፣ ሴቱ ሳንድዊቹን እየገመጠ፣ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራልን እያለ ፊርማ አሰባሰበ። ዶክተርም የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቋቋሙ። ዌብሳይቱ ላይ "ሰርጎ ገቦች" የሚል ቃል ብቅ አለ። አለምሰገድ ቃሉን ሲያነብ አገሩን ያገኘ ያህል ተሰማው፤ ደስ ግን አላለውም።

አሁን ስለ ደምሰው መናገር ያስፈልጋል። ደምሰው ሃቫና ላይ ሥጋ ቤት አለው። ጥፋቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሰው ተሰብስቦ መንግሥትን ሲረግም "መንገድ ግን ሠርተዋል" አለ። በቃ። ማኅበሩ ሥጋ ቤቱን ማንም እንዳይረግጥ ወሰነ። ችግሩ የደምሰው ሥጋ ነው። ጎድኑን የሚያወጣበት፣ ሻኛውን የሚመርጥበትን እጅ የሚያህል ኮሎራዶ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰው በፊት ለፊት በር መግባት ትቶ በኋላ በር ይገባ ጀመር። ደምሰው ገበያው አልቀነሰበትም፤ እንዲያውም ለኋላው በር መብራት አስገባለት።

ዘርፈሽዋል ግን በፊት ለፊት በር ነበር የምትገባው። የላካትም አለምሰገድ ነው። ጥብስ አምሮት ነበር። ጥቁር ፌስታል ይዛ ስትወጣ አንድ ሰው አይቶ ለዶክተር ነገረ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም "ከሕዝብ ጠላት ጋር በመገበያየት" ብሎ ከአባልነት እንድትሰረዝ ወሰነ። ውሳኔውን በፊርማው በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ፊት የሚያነበው ደግሞ ጸሐፊው ነው።

"አንተ ስታነበው ቤተሰባዊ ጉዳይ እንዳልሆነ ሰው ይረዳል" አሉት ዶክተር። "መርሕ ነው።"

አለምሰገድ መርሕን ያውቃታል። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሚስቱን በስብሰባ ላይ የሂስ ናዳ ያወረደባት አንድ ካድሬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንቁላል ራሱ እየጠበሰ ሲበላ ኖሯል። በስብሰባው ቀን ባልና ሚስት በአንድ መኪና ወደ አዳራሹ ሄዱ። ዘርፈሽዋል ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ናት። መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ ወደ እሱ ዞረች።

"ታነበዋለህ?" አለችው።

"ጸሐፊ ነኝ።"

"እሺ። ጮክ ብለህ አንብብ። ከኋላ ለሚቀመጡት አይሰማም።"

አዳራሹ ሞልቷል። ጸሎቱ ብቻውን ብዙ ፈጀ፤ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በየተራ ነው የሚጸልዩት፤ ማን ይቅደም የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ከዚያ አለምሰገድ ተነሳና ማይክሮፎኑ ላይ ውሳኔውን አነበበ። ጮክ ብሎ ነው ያነበበው። "ጥቁር ፌስታል" የሚለው ላይ ሲደርስ ከኋላ ሰው ሳቀ። ዶክተር ፈገግ ሳይሉ፣ አስጨብጭብልኝ እንደማለት በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

አለምሰገድ ቀና አለ። ዘርፈሽዋል ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ እንደ ታዛቢ እጇን አጣጥፋ ታየዋለች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ድካም ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳ የዋለች ሴት ድካም። ያን ጊዜ አጨብጭቡ ማለት አቃተው።

"ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት" አለ፣ "አንድ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለ። ከተከለከለ ወዲህ የደምሰውን ሥጋ ያልቀመሰ ሰው እጁን ያውጣ።"

ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። አንድ ዲያቆን እጁን እስከ ጆሮው ድረስ ካነሳ በኋላ ጆሮውን አክኮ መለሰው። ከፊት ረድፍ አንድ እጅ ብቻ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ የዶክተር ተክለሚካኤል።

አጠገባቸው ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይነሽ ተቀምጠዋል። ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ በስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም።

"ተክሌ፣ እጅህን አውርድ" አሉ ቀስ ብለው። ማይክሮፎኑ ቅርብ ስለነበር ቀስ ማለታቸው አልጠቀመም።

"ምን?"

"አውርድ ነው የምልህ። የፋሲካው የማን ይመስልሃል? ያ ጎድን ከፈረንጅ ሱቅ የሚገኝ ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ተደጋግፈው ሳቁ። ዶክተር እጃቸውን ወዲያው አላወረዱም፤ እጁ እዚያው አየር ላይ የት እንደሚገባ ጠፍቶት ቆየ። አለምሰገድ አዘነላቸው። ሰውየው በእውነት አልበላሁም ብለው ያምኑ ነበር። እስር ቤት ያልሰበራቸውን ሰው የገዛ ሚስታቸው ጎድን ሰበራቸው።

ዶክተር ተነሱ። "ይህ ስብሰባ ሕገ ወጥ ነው" አሉ። "ማይክሮፎኑም የግሌ ነው።" ማይክሮፎኑን ነቀሉ፣ ስፒከሩን ተሸከሙ፤ ከደጋፊዎቻቸው ጋር ወጡ። እትዬ ፀሐይነሽ ቀድሞ የተቀዳላቸው ምግብ ስለነበር እሱን ጨርሰው ተከተሉ።

የቀረው ሰው ያለ ማይክሮፎን እየጮኸ ምርጫ አደረገ። አለምሰገድ በዚህ ጊዜ ጭብጨባ አላለም። ናፕኪን ተቀደደ፣ ስም ተጻፈበት፣ ባዶ የሎሚናት ካርቶን ውስጥ ገባ። ዘርፈሽዋል ሊቀመንበር ሆነች። ባልዋን ቤት ስትገባ ይቅር አላለችውም፤ ጥብሱን ግን ሠራችለት።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ሁለት ሆነ። ስማቸው አንድ ነው። ሊትልተን ያለው ዌብሳይቱን ይዟል፤ ኦሮራ ያለው ሰዉን ይዟል። ሰልፍ ሲጠራ ካፒቶሉ ደረጃ ላይ አንዱ በስተቀኝ፣ አንዱ በስተግራ ይቆማል። አንድ ፈረንጅ አልፎ ሲሄድ የትኛው ደጋፊ፣ የትኛው ተቃዋሚ እንደሆነ ዘርፈሽዋልን ጠይቋት፣ ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የምንለው ስትለው አላመናትም። የታሰሩት መሪዎች በይቅርታ ተፈትተው አሜሪካን ሊጎበኙ ሲመጡ ደግሞ እነሱም ለሁለት ተከፍለው ደረሱ። አንዱን ወገን ሊትልተን ተቀበለ፣ ሌላውን ኦሮራ። ሊቀመንበር ዘርፈሽዋል ኤርፖርት አበባ ይዛ ቆማ "እኛ ከእነሱ ነው የተማርነው ወይስ እነሱ ከእኛ?" አለች።

ዶክተር "መሪዎቻችን እስኪፈቱ" ያሉት ቀን ደርሶ አለፈ። እሳቸው ግን አልወረዱም። አሁን ደግሞ "መሪዎቻችን እስኪታረቁ" ሆነ። ማኅበራቸው ሳሎናቸው ውስጥ ይሰበሰባል፤ እትዬ ፀሐይነሽ ምግቡን አቅርበው አልፎ አልፎ ወደ ኦሮራው ስብሰባ ይመጣሉ፤ "እዚህ ይሳቃል" ይላሉ።

የዘርፈሽዋል የሥራ ዘመን ያለቀው በዚያው ግርግር መሐል ነው። አንድ ጧት ቁርስ ላይ "እንግዶቹ ተሸኝተው እስኪያልቁ ምርጫው ትንሽ ቢገፋስ?" አለች።

አለምሰገድ ፍርፍሩን ማኘክ አቆመ። "ዘርፌ፣ ምን አልሽ?"

"ትንሽ ነው ያልኩት። ሥራው እኮ ብዙ ነው። ሌላ ሰው አያውቀውም።"

"ቀን ልምረጥልሽ? ሰው ሥራ ላይ የሚሆንበት ቀን አውቃለሁ።"

ተቆጥታ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችበት። በሳምንቱ ግን ምርጫው ተጠራ። ተወዳዳሪ ይቅረብ ሲባል አልጣሽ የምትባል ፀጉር ሠሪ ተነሳች። አልጣሽ ስለ ፖለቲካ ብዙ አትናገርም። የምረጡኝ ንግግሯ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። "እኔ ከተመረጥኩ ስብሰባ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ጸሎቱን ጨምሮ።"

አዳራሹ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጸጥታ የሕሊና ጸሎት ላይም አልታየም። ዘርፈሽዋል በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች። ድጋሚ ይቆጠር አለች፤ ተቆጠረ። የካርቶኑን ሥር አሳዩኝ አለች፤ አሳዩዋት። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች፣ አልጣሽን ሳትጨብጥ ወጣች።

አለምሰገድ መኪናውን እያስነሳ ሚስቱን በጎን አየት አደረጋት። በሕይወቱ ስንት ሰው ሲመረጥ አይቷል፤ ተሸንፎ፣ ተናድዶ፣ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ግን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሲሸነፉ የሚያውቃቸው ሰዎች ወይ ወህኒ ይወርዳሉ፣ ወይ እንደ እሱ ሞያሌ ይደርሳሉ።

"ማንን መረጥክ?" አለችው።

"ድምፅ ምስጢር ነው።"

"ባልና ሚስት ነን እኮ።"

"ለዚህ ነው ምስጢር የሆነው።"

መስኮቱን ከፍታ ውጭ ውጭውን ታይ ጀመር። ሁለት መብራት ካለፉ በኋላ "አንድ ሰዓት አይበቃም" አለች። "ታየዋለች።"

የአዳራሹን ቁልፍ ለማስረከብ ብዙ ቀን ወሰደባት። አንዴ ራስ ምታት፣ አንዴ ደብል ሺፍት። በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ አለምሰገድ ራሱ አልጣሽ ፀጉር ቤት በር ላይ አወረዳት። "አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ፤ ሰጥቻት እወጣለሁ" አለችው።

ጠበቃት። አሥሩ ደቂቃ አለፈ። ከመኪናው ወጥቶ በመስታወቱ ሲያይ ዘርፈሽዋል ፀጉር ማድረቂያው ሥር ተቀምጣለች፤ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ጣቷን እያወዛወዘች ትናገራለች። የማድረቂያው ድምፅ ጆሮዋን ስለያዘው ድምጿ ውጭ ድረስ ይሰማል። ስለ አዳራሹ ኪራይ፣ ስለ ጸሎቱ ተራ፣ ማንን ከማን አጠገብ ማስቀመጥ እንደማይገባ ነው የምትለው። አልጣሽ ሌላ ሴትዮ ፀጉር እየሠራች፣ ሚዶውን በአፏ ይዛ ራሷን ትነቀንቃለች።

አለምሰገድ ወደ መኪናው ተመለሰና የታክሲ ድርጅቱን በሬዲዮ ጠርቶ ዛሬ ከሰዓት ሌላ ተሳፋሪ እንዳይሰጡት ነገራቸው። ሞተሩን አጠፋ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገ፤ ዓይኑን ጨፈነ።